የሥር ዳኛው «አላመንኳትም» ካሉ ይግባኝ ሰሚው እጁ ታስሯል ማለት ነው? (የጾታዊ ትንኮሳ ጉዳዮች)

ግልባጭ ጻፊዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የችሎት ድምፅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሕግ አልተማርኩም። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰው ምስክርነት ስሰማ ስለኖርኩ አንዳንዱ ነገር ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል። ይሄኛው ከመጣ ወራት አለፉት፣ አልሄድ ብሏል። ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

የጾታዊ ትንኮሳ ክስ ነው። ከሳሿ የበታች ሠራተኛ፣ ተከሳሹ አለቃዋ። ተፈጸመ የተባለው ማታ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ ባሉበት ነው። ያየ ሰው የለም። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተከሳሹ ጠበቃ «ይሄን ሁሉ ካደረገሽ በማግስቱ ጠዋት እንዴት 'እንደምን አደሩ' ብለሽ ጻፍሽለት?» አላት። ዝም አለች። ቅጂው ላይ ቆጥሬዋለሁ፣ 31 ሰከንድ። ከዚያ «አለቃዬ ስለሆነ» አለች።

እኔ ግልባጩ ላይ የጻፍኩት በቅንፍ «ዝምታ» የሚል አንድ ቃል ነው። አሠራራችን እንደዚያ ነው።

ፍርዱ ሲወጣ ዳኛው ሐተታቸው ላይ ሁለት ነገር አነሱ። አንደኛው ያ ዝምታ ነው፤ መልስ ስትፈልግ እንደቆየች ተረድቻለሁ አሉ። ሁለተኛው የማግስቱ ሰላምታ ነው፤ ክብሩ የተደፈረ ሰው እንዲህ አይጽፍም የሚል መንፈስ ነበረው። ቃሏን አልተቀበሉም። ይግባኝ ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ምስክሯን ያየውና የሰማው የሥር ፍርድ ቤት ስለሆነ የተዓማኒነት ግምገማውን የምንነካበት ምክንያት የለም ብሎ አጸናው።

እኔን የከነከነኝ ያ 31 ሰከንድ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሰምቼዋለሁ። በር ይከፈታል። ሰው ይገባል። ወንበር ይጎተታል። አንድ ሰው ዳኛው ጋ ጠጋ ብሎ ስለሌላ መዝገብ በሹክሹክታ ያናግራቸዋል፣ እሳቸውም ይመልሱለታል። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የመለሰችው። እውነቷን ነው ወይም ዋሽታለች እያልኩ አይደለም፣ ያንን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ግን ይግባኝ ሰሚዎቹ ያላዩትን ነገር አክብረው አለፉት፣ ያ ያላዩት ነገር ደግሞ እንደተጻፈው አልነበረም። ታዲያ ይሄ «ያየ የሰማ» የሚባለው ክብር የሚሰጠው ለምንድነው? ገደብስ የለውም?

የይግባኝ ጠበቃ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቀላል ቢመስልም ይሄ ነገር ጠበቆችን ሳይቀር ያጣላል። ከመሠረቱ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ዓይነት ዐይን አለው። በሕግ ጭብጥ ላይ የሥር ዳኛውን አስተያየት ሳያይ ራሱ ይወስናል። በፍሬ ነገር ላይ ግን፣ በተለይ ማን ይታመናል በሚለው ላይ፣ እጁን ይሰበስባል። አሜሪካ ውስጥ መለኪያው «በግልጽ የሚታይ ስህተት» ነው። ካናዳ ደግሞ «ግልጽና ውጤቱን የሚለውጥ ስህተት» ይላሉ።

ምክንያቱን የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በሃውሰንና ኒኮላይሰን መዝገብ ላይ ሦስት አድርጎ አስቀምጦታል። አንደኛ፣ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ከተሰማ ክርክር ማለቂያም የለውም፣ ወጪውም አይቻልም። ሁለተኛ፣ የሥር ፍርድ ቤት የልምምድ መድረክ አይደለም፣ ክብሩ መጠበቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ዳኛው መዝገቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ኖሮበታል። ሰው የሚያስታውሰው ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ እሱንም «ፊት አይቷል» ወደሚል ያጠብበዋል።

አሜሪካ ውስጥ ትልቁ መዝገብ የ1985ቱ አንደርሰንና የቤስመር ሲቲ ከተማ ክርክር ነው። ትንኮሳ ሳይሆን በጾታ ምክንያት ሥራ የመከልከል ጉዳይ ነው፣ መለኪያው ግን ለትንኮሳም ያው ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከተማው የመዝናኛ ኃላፊ ሊቀጥር 8 ሰው ተወዳደረ። ሴት ከሳሿ አንደርሰን ብቻ ነበረች። መራጮቹ 4 ወንድና 1 ሴት። የሥር ዳኛው አድልዎ ተፈጽሟል አለ፣ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ሰሚውን መልሶ ሻረው። ያለው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ማስረጃው ሁለት ዓይነት ንባብ የሚፈቅድ ከሆነ የሥር ዳኛው አንዱን መምረጡ ስህተት ሊባል አይችልም፣ አንተ ሌላውን ብትመርጥ እንኳ።

ዝም ያላልኩት

እኔ ልናገር። ጠበቃ አይደለሁም፣ ከሳሽ ነበርኩ።

እኔን ዳኛዋ አምናኛለች። አለቃዬ ይግባኝ አለ። ጠበቃው የምስክርነቴን ግልባጭ ከፋፍሎ፣ እዚህ ጋ «አራት ሰዓት» ብላለች እዚያ ጋ «አራት ሰዓት ተኩል» እያለ 40 ገጽ ጻፈብኝ። ሳነበው ራሴን ማመን አቃተኝ። በእውነት። የራሴን ታሪክ እያነበብኩ ይህቺ ሴትዮ ትዋሻለች እንዴ አልኩ። ሦስቱ የይግባኝ ዳኞች «የሥር ፍርድ ቤቱ እነዚህን ልዩነቶች አይቶ ለምን እንዳመናት ገልጿል፣ አንነካውም» አሉ። አለቀስኩ።

ስለዚህ ይሄ ነገር ይቅር ስትሉ ማንን እንደሚጎዳ አስቡ። ወረቀት ላይ ሁሌም የሚያምረው ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

የማታ ተማሪ

«ዝም ያላልኩት»፣ እንኳን ተሳካልሽ። ግን ያንቺ ዳኛ ልዩነቶቹን አይታ ምክንያቷን ጽፋለች። የግልባጭ ጻፊዋ ጉዳይ ላይ ያለው «ዝም ስትል አየኋት» ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማክበር ልክ አይመስለኝም።

ስለ ፊት ንባብ ደግሞ የታወቀ ነገር አለ። በ2006 የታተመው የቦንድና የዴፓውሎ ጥናት ከ200 በላይ የሙከራ ጽሑፎችን አንድ ላይ ገምግሞ ሰዎች እውነትና ውሸትን በትክክል የሚለዩት በአማካይ 54 ከመቶ መሆኑን አገኘ። ሳንቲም ወርውረህ 50 ታገኛለህ። ዐይን መስበር፣ ላብ፣ መንተባተብ፣ ይሄ ሁሉ የፈራ ሰውም የሚያደርገው ነው። ትንኮሳ ደረሰብኝ የምትል ሴት፣ ያደረሰባት ሰው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ እያያት፣ እንዴት ሆና ነው «ተረጋግታ» የምትመሰክረው?

አውስትራሊያ በ2003 ፎክስና ፐርሲ በሚባል መዝገብ ይሄን በደንብ ብላዋለች። አንዲት ፈረስ ጋላቢና አንድ ቫን መንገድ ላይ ተጋጩ። የሥር ዳኛው ጋላቢዋን አመነ። ነገር ግን የጎማው ፍሬን ምልክት አስፋልቱ ላይ አለ፣ ቫኑም በራሱ ትክክለኛ መስመር ላይ እንደነበረ ያሳያል። ዳኛው ምስክሯን ስላመነ ብቻ ምልክቱ አስፋልቱ ላይ አይጠፋም። ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤትም አጸናለት።

ሚዛን 12

ፎክስ ጥሩ ነው፣ ግን ትንኮሳ የፍሬን ምልክት የለውም። ሁለት ሰው፣ የተዘጋ በር፣ አለቀ። «ሰነድ ይቅደም» የሚለው አስተሳሰብ ለንግድ ክርክር ውሃ ያነሳል፤ እዚህ ካመጣችሁት ከሳሽ ሁሉ ከጅምሩ ተሸንፋለች ማለት ነው።

ጡረተኛ ዳኛ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬበታለሁና አንድ ነገር ልጨምር።

«ሚዛን 12» የፍሬን ምልክት የለም ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ድርጊቱ ምልክት አይተውም። ከድርጊቱ በኋላ ያለው ሕይወት ግን ይተዋል። ያን ዕለት ማታ ለማን ደወለች? መቀመጫዬን ቀይሩልኝ ብላ ጠይቃለች? ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የፈቃድ ቀኖቿ ጨምረዋል? እሱስ የሥራ ግምገማዋን መቼ ነው ዝቅ ያደረገው፣ ከቅሬታዋ በፊት ወይስ በኋላ? ካናዳ ውስጥ ከ1951 ጀምሮ፣ ፋርይናና ቾርኒ ከሚባለው መዝገብ ወዲህ፣ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ምስክሩ እንዴት ተናገረ ሳይሆን፣ የተናገረው ነገር በዚያ ቦታና በዚያ ሁኔታ ላለ አስተዋይ ሰው ሊሆን ይችላል የሚያሰኝ ነው ወይ ነው ጥያቄው። የትንኮሳ ክርክር በዚህ ሊሠራ ይችላል። እኔ ሠርቼበታለሁ።

ስህተቴንም ልንገራችሁ። አንድ የትንኮሳ መዝገብ ላይ ተከሳሹ ሲመሰክር ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው ነበር። ከሳሿ ማክሰኞ ትላለች፣ ቆይታ ሐሙስ ትላለች፣ ትቆጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ በልቤ ጨርሼ ነበር። ማታ ፍርዱን ልጽፍ ስቀመጥ ተከሳሹ ራሱ ያቀረበውን የፈረቃ ሰሌዳ አገላበጥኩ። «ፈረቃዋን እንኳ አላውቅም ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ስሟ ከእሱ ጋር ወደ ማታ ተዛውሯል፣ ከሥሩም የእሱ ፊርማ አለ። ያ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እኔ ሰውየውን ሳይ ወረቀቱን አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግሁ። ፍርድ ከመጻፌ በፊት የሁሉንም ምስክር ቃል፣ ፊታቸውን እንዳላየሁ አድርጌ፣ ከማስታወሻዬ አነብባለሁ። ያመንኩት ሰው ሲነበብም የሚታመን ከሆነ እቀጥላለሁ። ካልሆነ ያሳመነኝ ምን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ደስ አያሰኝም።

ተማሪው የጠቀስከው 54 ከመቶ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሙከራዎቹ ላይ ሰው የሚፈርደው ባብዛኛው አጭር ንግግር ሰምቶ ነው፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለ፣ ሰነድ የለ፣ ሌላ ምስክር የለ። ዳኛ የሚበልጠው በዚህ ነው እንጂ ፊት በማንበብ አይደለም።

የማታ ተማሪ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ታዲያ የሚከበረው ያ የማታ ሥራ ነው ማለት ነው እንጂ የቀኑ ዕይታ አይደለም። ልክ ገብቶኛል?

ጡረተኛ ዳኛ

ገብቶሃል። ያ ሥራ ደግሞ ሐተታው ላይ መታየት አለበት። ካልታየ ይግባኝ ሰሚው የሚያከብረው ነገር የለውም።

የይግባኝ ጠበቃ

እዚህ ላይ አንደርሰን ውስጥ ሰው የሚዘለውን ክፍል ላምጣ። ፍርድ ቤቱ ለሥር ዳኛው ያን ሁሉ ክብር ከሰጠ በኋላ፣ ዳኛው ግኝቱን «ተዓማኒነት» ብሎ ስለሰየመው ብቻ ከምርመራ አያመልጥም ብሏል። ሰነድ ወይም ሌላ ተጨባጭ ማስረጃ ምስክሩን የሚቃረን ከሆነ፣ ወይም ታሪኩ ራሱ ከራሱ የሚጋጭና ለአእምሮ የማይመች ከሆነ፣ ይግባኝ ሰሚው ሊገባበት ይችላል። ይሄ ከዚያው ፍርድ ነው፣ ጠበቆች ግን የሚጠቅሱት የሚመቻቸውን ግማሽ ነው።

ሌላው ሰው የሚያምታታው ነገር «ተፈጽሟል ወይ» እና «የተፈጸመው ትንኮሳ ነው ወይ» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፍሬ ነገር ነው። ሁለተኛው ውስጥ ሕግ አለ። የ1993ቱን ሃሪስና ፎርክሊፍት ሲስተምስ ተመልከቱ። ቴሬሳ ሃሪስ መሣሪያ የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ነበረች። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሴት ሠራተኞችን ከሱሪዬ የፊት ኪስ ሳንቲም አውጡልኝ ይል ነበር፤ ዕቃ መሬት ላይ ጥሎ አንሱ ይል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ይሄ መደረጉን ተቀብሏል! ግን አእምሮዋን በጽኑ አልጎዳም ብሎ ክሱን ጣለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ሻረው፤ ሰው የአእምሮ ሕመም ላይ እስኪወድቅ መጠበቅ ሕጉ አይጠይቅም አለ። አያችሁ፣ ማንን እንመን የሚለው አልተነካም። የተነካው መለኪያው ነው።

ስለዚህ ይግባኝ ስጽፍ «ዳኛው ደንበኛዬን ማመን ነበረባቸው» ብዬ አልጀምርም። እንደዚያ የጀመረ ማመልከቻ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሞቷል። ለምሳሌ «የመጋቢት 3ቱን መልእክት ዳኛው አንድ ቦታ እንኳ አላነሱትም» ብዬ እጀምራለሁ። ወይም «የተጠቀሙበት ሕጋዊ መለኪያ ይሄ አይደለም»። «እሷን በአጉሊ መነጽር፣ እሱን በባዶ ዐይን አዩት» የሚለውን ክርክር ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔም ወድጄው አውቃለሁ፣ ግን የካናዳው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ለብቻው እንደ ይግባኝ ምክንያት መቆሙን እንደሚጠራጠር በግልጽ ተናግሯል። ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ሰው እሮሮ ሆኖ ነው የሚነበበው።

ዝም ያላልኩት

የማግስቱ ሰላምታ ላይስ ማንም ምንም አላለም? እኔንም ያንኑ ጠይቀውኛል። «ለምን ሳቅሽለት?» ሥራዬን እንዳላጣ ነዋ! የቤት ኪራይ ያለበት ሰው አለቃውን ሰላም ይላል።

የማታ ተማሪ

እኔ እዚያው ልመጣ ነበር። ይሄ ነጥብ የዝምታው ዓይነት አይደለም፣ የተለየ ነው። ካናዳ በ2000 ዲዲ በሚባል መዝገብ ላይ ተጎጂ ዘግይቶ መናገሩ ብቻውን ተዓማኒነቱን ሊቀንስ አይችልም ብላለች። ዳኛ «እውነተኛ ተጎጂ እንዲህ ታደርጋለች» ብሎ ከጀመረ ስለዚህች ሴት እያወራ አይደለም፣ ስለ ሴቶች ያለውን የተዘጋጀ አስተሳሰብ እያወራ ነው። ያ የሕግ ስህተት ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ምንም የማክበር ግዴታ የለበትም።

ግን ጥንቃቄ አለው። በ2024 ክሩክ በሚባል የወሲብ ጥቃት መዝገብ ላይ ዳኛው ሴት በዚያ ሁኔታ ሰውነቷ ላይ የተሰማትን ነገር ትሳሳታለች ማለት ይከብዳል ብሎ አመናት። ይግባኝ ሰሚው ይሄ ማስረጃ ያልቀረበበት ግምት ነው ብሎ ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድ መለሰው። ዳኛ የሰውን ኑሮ እያወቀ መፍረዱ ነውር አይደለም፣ እንዲህ ያለው ግምት የሚታየው በተለመደው «ግልጽና ውጤቱን የሚለውጥ ስህተት» በሚለው መለኪያ ነው፤ በተጎጂዎች ላይ የተለጠፈው ተረት ግን እንደ ሕግ ስህተት ይታያል አለ።

ሚዛን 12

ይሄ ግን ሚዛኑ ላንድ ወገን ማድላት አይሆንም? የተከሳሽ ላይ የሚለጠፈው ተረትስ? «ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ የፈረደ ዳኛስ?

ጡረተኛ ዳኛ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ተከሳሹን በወንድነቱ ብቻ ያላመነ ዳኛም ተሳስቷል፣ እኔ ይግባኝ ብሰማ አላጸናለትም። ክሩክ ላይ ግን ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ታሪክ እኩል አላደረገውም። በከሳሾች ላይ የተለጠፈው ተረት ዘመን ያስቆጠረ፣ ሕጉ ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ የኖረ ነው፤ ለዚያ ነው የተለየ ጥበቃ የተደረገለት። እኔ በዚህ እስማማለሁ። አንተ ላትስማማ ትችላለህ።

የይግባኝ ጠበቃ

ወደ ባለጉዳያችን ልመለስ። ግልባጭ ጻፊዋ፣ ያንቺ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነበሩ። ሰላምታው የሕግ ክርክር ነበር፣ በደንብ ቢቀርብ የ«ያየ የሰማ» ጋሻ አያድነውም ነበር። ዝምታው የፍሬ ነገር ነው፣ ግን ማስረጃ ነበረው፣ ቅጂው! ጠበቃዋ ድምፁን አዳምጦ ይግባኝ ሰሚው እንዲሰማው ቢጠይቅ ኖሮ፣ ያ 31 ሰከንድ እንደ ፎክስ የፍሬን ምልክት ይሆን ነበር። አስፋልቱ ላይ ያለ ነገር። ይግባኙ ምን ይል ነበር?

ግልባጭ ጻፊዋ

አንብቤዋለሁ። አምስት ገጽ ነው። «የሥር ፍርድ ቤት የይግባኝ ባይን ቃል ባለማመኑ ስህተት ፈጽሟል» ብሎ ይጀምራል። ሰላምታው አንድ መስመር ላይ አለ፣ ዝምታው የለም። ጠበቃው ቅጂውን የሰማው አይመስለኝም። ከግልባጩ ነው የሠራው። ከእኔ ግልባጭ።

የሁላችሁንም ሳነብ አመሸሁ። «ዝም ያላልኩት»፣ ያልሽው ገብቶኛል፣ ክብሩ ይቅር አልልም ከእንግዲህ። ጋሼ፣ የፈረቃ ሰሌዳው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ሰኞ ዕለት ኃላፊያችንን ዝምታዎችን በሰከንድ እንድንጽፍና በመሀል የተሰማውን ድምፅም እንድናስገባ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሥራ ይጨምራል አለች። የዚያን መዝገብ ቅጂ ከፍቼ 31ዱን ሰከንድ አሰማኋት። ማዳመጫውን አወለቀችና ትንሽ ቆይታ «ከዛሬ ጀምሮ ጻፉት» አለች። አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ (ዝምታ፣ 12 ሰከንድ፤ በር ተከፈተ፤ ዳኛው ከሌላ ሰው ጋር ተነጋገሩ)።

ጡረተኛ ዳኛ

ልጄ፣ ተባረኪ። ከስንት ሰከንድ ጀምሮ ነው የምትቆጥሩት?

ግልባጭ ጻፊዋ

ከ5 ጀምሮ ጋሼ። ዳኛው ሐተታቸው ላይ ሊያነሱት ይችላሉ ብዬ ካሰብኩ ግን 3ቱንም እጽፈዋለሁ።